ቀድሞ የሚመታ እጅ

የሰደበኝ ታክ ግዮንግቤ ነው። ዘንድሮ፣ የጨረቃው አዲስ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሩዝ ኬክ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ልምምዳችን ገና ሳይሞቅ። ታክ የሰፈራችን የከበሮ ማኅበር አለቃ ነው፤ የሚመራንም በእጁ አንጠልጥሎ በሚመታት ሳህን መሳይ ትንሽ ነሐስ ነው። ያቺን ነሐስ በመዳፉ አፈናት። ነሐሷ ዝም ስትል እኛም ዝም ማለት አለብንና ዝም አልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ቹንግሺክ፣ ከኋላህ ውሻ አለ እንዴ?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ይዤዋለሁ። ባለ ፋርማሲዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ምንም ሳይሸፍን ጥርሱን ገልጦ ሳቀ። ባለ ላውንድሪው ጉክ ቦንግቹል ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የከበሮውን ገመድ የሚያጠብቅ መሰለ። የሳቁትን አንድ ቀን ይቅር እላቸው ይሆናል። ያልሳቀውን ግን እንጃ።

«ምን ማለትህ ነው ወንድምጋሼ?» አልኩት።

«ትሮጣለህ ማለቴ ነዋ! እኔ ነሐሷን ሳልመታ አንተ ቀድመህ ደርሰህ ትጠብቀኛለህ። እሳት ላይ የተውከው ድስት ካለ ሂድና አውርድ፣ እንጠብቅሃለን።»

ደግመው ሳቁ።

«ሐሙስ መሥሪያ ቤትህ ለአዲሱ ሥራ መባ ጠርቶናል አይደል?» አለ ታክ፣ ሳቁ ሲበርድለት። «እዚያ አይሃለሁ። ከተስተካከልክ እሰየው። አለዚያ እሁድ፣ ለሙሉ ጨረቃዋ፣ አውራ ከበሮውን ጉክ ይይዛል። ገበያውን ሁሉ ይዘህብን አትሩጥ።»

አውራ ከበሮ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል። የዓመቱ የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ማኅበራችን ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የየቤቱን አድባር በእግሩ ረግጦ፣ በከበሮ አባብሎ ለዓመቱ ያስተኛል። ከነሐሷ ኋላ የሚሄደው ወገበ ቀጭኑ ከበሮ አውራ ከበሮ ይባላል። ያንን ከበሮ የታክ ፀጉር ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እኔ ነኝ የያዝኩት። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ የስፒከር ፋብሪካ ገባሁ፤ ፎርማኑ ስሜን ለማወቅ አልደከመም፤ «አንተ እጅ! ና ይቺን በይድ» ነበር የሚለኝ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ፎርማኑም ሞተ። በዚህ ሰፈር ዓሣ ሻጯ እንኳ «አውራ ከበሮ መጣ» ብላ ከወንበሯ የምትነሳልኝ በዓመት አንድ ቀን ነው። እሷኑ አንድ ቀን ነው ታክ የሚነጥቀኝ።

ደግሞ እኮ እጄን ያበላሸብኝ ሰው አለ። ልናገር።

ፋብሪካው በነበረበት ቦታ ላይ አሁን የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ በስልክ ሙዚቃ የሚያጫውት አፕ የሚሠራ ድርጅት አለ። የስልኩ ስክሪን ላይ የእኛን ከበሮ ይሥሉና ጣትህን ስታሳርፍበት ይጮሃል። አፑን «ዶንግዶክ» አሉት። ልምምዳችን ድረስ መጥተው ድምፁን የቀዱት ከእኔ ነው፤ ዶንግዶክ ውስጥ ያለው ምት ሁሉ የእኔ ምት ነው። መጀመሪያ ለአይፎን ብቻ ሠሩት። እውነቱን ለመናገር ያማረ ነበር። ነካ ስታደርገው አፍ ሳያስከፍትህ ይመልሳል።

ነገር ግን እዚህ አገር ከበሮ የሚወድ ሰው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ደግሞ የያዘው ስልክ ልጁ ሲሰለቸው የሰጠውን አንድሮይድ ነው። ስለዚህ አፑ ወደዚያም ይሻገር ተባለ። ለዚሁ ሥራ እኔን ቀጠሩኝ። «አማካሪ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉ። የማማክረው ምን መሰላችሁ? ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ የስልክ መዓት ፊት ቁጭ ብዬ ከጧት እስከ ማታ በጣቴ መደብደብ።

መከራው ከዚያ ጀመረ። ፕሮግራመሮቹ እንዳስረዱኝ፣ ድምፅ ከስልኩ ከመውጣቱ በፊት እንደ ማሰሮ ያለ ነገር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ማሰሮው ትንሽ ከሆነ ድምፁ እየተቆራረጠ እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫል። ትልቅ ከሆነ ደግሞ እስኪሞላ ድረስ ትጠብቃለህ፤ መትተህ፣ እጅህን አንስተህ፣ ሌላ ነገር ማሰብ ስትጀምር «ዶንግ!» ይልልሃል። አይፎኑ ማሰሮው አንድ ዓይነት ነው። አንድሮይዱ ግን ሠሪው ብዙ፣ ሞዴሉ ብዙ፣ ማሰሮው የየራሱ። አንዱ ትንሽ ይዘገያል፣ አንዱ ብዙ ይዘገያል፣ አንዱ ጧት ደህና ሆኖ ሲሞቅ ይዘገያል። የሚታጠፈው ስልክ ሲዘረጋ ደህና ነው፤ ሲታጠፍ ዝም። ሌላው በሁለት እጅ ስትመታው የአንዱን ብቻ ይሰማል፤ ሌላኛው እጅህ ዘመድ አይደለም። አንዱ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ በምቱ መሐል እንቅልፍ ይወስደዋል። ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ካደረግክማ ድምፁ አክስቱ ቤት ደርሶ ነው የሚመለሰው። የአንዱን ሲያስተካክሉ የሌላው ይፈርሳል። አፕዴት መጣ ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይፈርስና እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እኔ በቀን በቀን «ዘግይቷል» እላለሁ። የቡድን መሪያችን ባንግ ቼሪን ትባላለች፤ ዕድሜዋ የልጄ ነው፣ ትሕትናዋ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የቤተሰቤ ስም ማ ነው፤ በእሱ ነው የምትጠራኝ።

«ማ አማካሪ፣ ‹ዘግይቷል› የሚለው እኮ ስሜት ነው» ትለኛለች። «እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉና እንደገና ይሞክሩት።»

«አርፌያለሁ። ዘግይቷል።»

«ምናልባት እጅዎ ደክሞ ይሆን? በእርስዎ ዕድሜ ይሄን ያህል መሥራትዎ ራሱ ያስገርመናል።»

ፎርማኑ ቢያንስ ሲሰድብ ስድብ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ስድብ በ«እርስዎ» ተጠቅልሎ ሲመጣ በየት በኩል ትመልሰዋለህ? ሆድ ይፍጀው ብዬ እንደገና ሞከርኩት። መኸሩን ሁሉ ሞከርኩት። ክረምቱን ሁሉ፣ ማሞቂያው አፍንጫዬን እያደረቀው፣ ሞከርኩት። እና ምን ሆነ፣ ስልኮቹ አንድ በአንድ መሻል ጀመሩ። «ይሄ አሁን ደህና ነው» ስል ፕሮግራመሮቹ ያጨበጭባሉ፣ ባንግ ትመጣና ስልኩ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ምልክት እንድለጥፍበት ትሰጠኛለች። አዲሱ ዓመት ሲገባ ጠረጴዛዬ ላይ አረንጓዴ ያልለጠፍኩበት ስልክ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ለበዓሉ የታሸገ ቱና ሰጡኝ።

ታክ ውሻ ያስሮጠኝ በዚያው ሳምንት ነው።

ቤት ገብቼ ከበሮዬን አወጣሁ። ሚስቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ቴሌቪዥን ታያለች።

«የድስት ክዳን አምጪና እንደ ነሐስ ምቺልኝ» አልኳት።

«የሃንቢት አባት፣ ጎረቤት አለ እኮ።»

«ምቺ ብያለሁ!»

ክዳኑን በማንኪያ መታች። እኔ ተከተልኳት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ተከተልኳት ነው የምለው። ትንሽ ቆይታ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እኔ ሳልመታ ነው የምትመታው» አለች። «ስትበላም እንዲሁ ነህ፣ ሰው እስኪቀመጥ አትጠብቅም።»

«አንቺ ነሽ የምትጎተቺው!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ታክም እኔ ነኝ፣ ማኅበሩም እኔ ነኝ።»

ከቦርሳዬ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ አወጣሁ። ከሁሉም ስልኮች በጣም ያስቸገረኝ እሱ ነበር፤ አረንጓዴውንም መጨረሻ ላይ ነው ያገኘው። ዶንግዶክን ከፍቼ «አሁን ምቺ» አልኳት። መታች፤ እኔም ስክሪኑን መታሁ። ክዳኑና ከበሮው አንድ ላይ ወደቁ። አንድ ላይ! እንደ ድሮው፣ ታክ ሰው በነበረበት ጊዜ እንደነበረው።

«ይሄኛውስ ጎበዝ ነው» አለች ሚስቴ፣ ወደ ሽንኩርቷ እየተመለሰች። «ትልቁን ሽጠው።»

ያኔ ገባኝ። ስልኩ አልተሻለም። ፕሮግራመሮቹ ማሰሮውን ትልቅም ትንሽም ቢያደርጉት ያው ነው። የተለወጠችው እጄ ናት። ስልኩ ዘግይቶ እንደሚመልስ ታውቃለችና ቀድማ ትነሳለች። ከመኸር ጀምሮ በቀን በቀን ሲያስጠኗት ተማረች። እኔን ያላስተማረኝ አገር እጄን አስተማረልኝ!

ሰኞ ጧት ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ ባንግ ሄድኩ።

«ቡድን መሪ፣ ስልኮቹ አልተስተካከሉም። እጄ ነች የለመደቻቸው። ከበሮ ላይ ቀድማ ትመታለች። አረንጓዴዎቹን እንላጣቸው።»

በጥሞና ሰማችኝ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፤ በጥሞና ነው የምትሰማው። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ማ አማካሪ፣ ይሄ እኮ ትልቅ የምሥራች ነው!»

«ምኑ?»

«ሰው ይለምደዋል ማለት ነዋ! እኛ ስንት ሌሊት ስንጨነቅ ነበር። እርስዎ ከለመዱት ተጠቃሚውም ይለምደዋል።»

«እኔ እኮ ሌላ ሥራ የለኝም። ጧት ማታ ይሄንን ነው የምደበድበው። አንድ ሽማግሌ አንዴ መትቶ ካልጮኸለት ይለምዳል? ስልኩን ይወረውረዋል እንጂ!»

«አፑን ሐሙስ እንለቃለን» አለች፣ አሁንም ፈገግ እያለች። «መባውም ተሰናድቷል። ደግሞ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደህና ነው ብለው የለጠፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«ደህና ስለመሰለኝ ነዋ!»

«አዎ። እኛም የምንለው እሱን ነው።»

«እሺ፣ ቢያንስ እስከ እሁድ ስልክ አልንካ። እጄ ወደ ቦታዋ ትመለስልኝ። እሁድ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ከበሮ አለብኝ።»

«እጅዎ እኮ የድርጅታችን ሀብት ነው» አለችኝ፣ ሁለት እጇን አያይዛ። «በሐሙስ ዝግጅት መጀመሪያ የሚመቱት እርስዎ ነዎት። በስልኩ።»

እጄን ፎርማኑ ወሰዳት፣ አሁን ደግሞ እነዚህ። እስከ ረቡዕ ድረስ ስመታ ዋልኩ። ማታ ማታ ቤቴ ከበሮውን እይዝና እጄን «ቆይ» እላታለሁ። ቆይ ስላት ትዘገያለች። ስለቃት ትሮጣለች። መሐል የሚባል ነገር ጠፋ።

ሐሙስ ደረሰ። አዲስ ሥራ ሲጀመር ለቦታው አድባር መባ ይቀርባል፤ የሩዝ ኬክ፣ የሩዝ ጠላ፣ በመሐሉ የተቀቀለ የአሳማ ጭንቅላት፤ አሳማው ፈገግ ያለ ከሆነ ዓመቱ ደህና ነው። የሕንፃው አስተዳደር ግን «የአሳማ ሽታ መግቢያው ላይ አይሆንም» ብሎ ከለከለ። ባንግና ጓደኞቿ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የአሳማውን ጭንቅላት ፎቶ በታብሌት ከፍተው ጠረጴዛው መሐል አቆሙት። ሰው እየመጣ ይሰግድለታል፣ አሳማው አፍ ውስጥ የሚገባውን የገንዘብ ፖስታም ታብሌቱ ሽፋን ውስጥ ይሸጉጥለታል።

ታክ ነሐሷን ብብቱ ሥር አድርጎ ትክ ብሎ አየው።

«ቹንግሺክ፣ ይሄ አሳማ በሕይወት አለ?»

«ሞቷል ወንድምጋሼ።»

«ሲሞት አየሁ የሚል ሰው አለ?»

ዳይሬክተሩ ተንበርክኮ «ዶንግዶክ በሁሉም ስልክ ላይ እንዲሰምር» እያለ ሲጸልይ አሳማው ደብዘዝ አለና ጠፋ። ባትሪ መቆጠቡ ነው። አንድ ፕሮግራመር በጉልበቱ ድሆ ሄዶ በጣቱ ነካው፤ አሳማው ተመለሰ። እኔ ከመኸር ጀምሮ የምቃጠልበት ነገር ይኸው አድባር ፊት ቀረበ፤ የገባው ግን የለም። አጨበጨቡ።

ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ። ድምፁ ከጥግ በቆመ ገመድ አልባ ስፒከር ነው የሚወጣው፤ ማለትም ዘግይቶ ላይ ዘግይቶ። ታክ ነሐሷን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ተንገዳገድኩ። ከዚያ እጄ መንገዷን አገኘች። ታክ ነሐሷን ገና ሊመታ ሲያስብ እኔ ስክሪኑ ላይ ነኝ፣ ድምፁ ዞሮ ዞሮ ሲመጣ ከነሐሷ ጋር እግር ለእግር ይገጥማል። ሰዉ ጮኸ። ታክ እንኳ ቅንድቡን አነሳ። ባንግ ማይክሮፎኑን ይዛ፣

«ይኸው አየን! ምንም መዘግየት የለም!» አለች።

የማኅበሩ ተራ ደረሰና ከበሮዬን ደረቴ ላይ አሰርኩ። ቀጭኗን የቀርከሃ መምቻ ዘንጌን ያዝኩ። ታክ አየኝ፤ አስተያየቱ ደግነት ነበረበት፤ ና፣ ይዘኸዋል የሚል ነበር። ነሐሷ ጀመረች።

የመጀመሪያውን ዙር ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። እርምጃው ፈጠን ሲል ግን እጄ ሄደች። ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። መስታወቱና እብነ በረዱ እያንዳንዱን የቀደመ ምቴን እያስተጋባ ለሁሉም ይናገራል፤ እኔ ነኝ፣ ነሐሷ፣ እኔ ነኝ፣ ነሐሷ። ታክ ነሐሷን እንደ ቅዳሜው ያፍናታል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። አላፈናትም። በዓይኑ ብቻ ወደ ጉክ ጠቀሰ። ጉክ፣ የመጀመሪያውን የከበሮ መታጠቂያ ወገቡ ላይ ያሰርኩለት ጉክ፣ ከጎኔ ወጥቶ ከፊቴ ቆመ፣ ምቱንም ከፍ አድርጎ የእኔን ሸፈነው። እኔ ከዚያ በኋላ ዘንጌን አየር ላይ ነው ስወዘውዝ የነበረው። ማንም አላወቀም። ሁሉም በስልኩ እየቀረጸን ነበር።

ሲያበቃ የሩዝ ጠላው በወረቀት ኩባያ ተቀዳ። ጉክ በአክብሮት በሁለት እጁ ይዞ ቀዳልኝ።

«ወንድምጋሼ፣ አለቃ ስላዘዘኝ ነው...»

ጠላው ጎምዛዛ ነበር። ባንግ በሰው መሐል ስልኳን ይዛ መጣች። አፑን የለቀቁት ጧት ነው፤ አስተያየት መምጣት ጀምሯል። ያ ፈገግታዋ ቦታው ላይ ነው፣ ከከንፈሯ በላይ ያለው ፊቷ ግን ተቀይሯል።

«ማ አማካሪ፣ ይሄን ይመልከቱልኝማ። ‹ከበሮው ተኝቷል› ይላል አንዱ። ‹መትቼ ሻይ ጠጣሁ፣ ከዚያ ጮኸ› ይላል። ሁሉም አንድ ኮከብ ነው የሚሰጡት። ስልኮቹን ደግሞ አየኋቸው፣ እርስዎ አረንጓዴ የለጠፉባቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ አሁን ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

ነግሬሽ አልነበረም? የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ታክ ከኋላ መጥቶ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻል ነበር።

«ቹንግሺክ፣ ስማኝ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሁድ አትቅር። የማኅበሩን ባንዲራ ያዝልን። ቁመትህ ደህና ነው፣ ነፋሱንም ትችለዋለህ። ባንዲራ ማንንም አይቀድም፣ ማንም አይቀድመውም።»

ባንዲራውን የሚይዘው ከዚህ በፊት ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ነበር። ባለፈው ዓመት አረፈ።

«ምን ልበለው ማ አማካሪ?» አለች ባንግ።

«ትመጣለህ አይደል?» አለ ታክ።

ኩባያውን አሳማው አጠገብ አስቀመጥኩ። ስክሪኑ እንደገና ጨልሞ ነበር። ከበሮዬን ከደረቴ ፈትቼ በጀርባዬ አዘልኩ፣ አንገቴ ላይ የነበረውን ካርድ አውልቄ ከሩዝ ኬኩ ጎን አኖርኩት፣ ዘንጌን በካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። ሁለቱም ከኋላዬ ይጠሩኛል፤ አንዷ በማዕረጌ፣ አንዱ በስሜ።

የሕንፃው በር ራሱ የሚከፈት ነው። ሳይከፈት ደረስኩበት። ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሲከፈት ወጣሁ።